ከካርቶኑ እስከ ለገሀር፦ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ምድር ባቡር

ልጆቻችሁን “እስኪ ባቡር ሳሉልኝ” ብትሏቸው ምን የሚስሉ ይመስላችኋል? የአዲስ አበባ ልጆች ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያዩት ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ጭስም እንፋሎትም የለውም። ወረቀትና ቀለም ሲሰጣቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚስሉት ጭስ ማውጫ ያለውን፣ ሆዱ ክብ የሆነውን፣ መንኮራኩሮቹ በብረት ዘንግ የተያያዙትን ነው። ያንን የሚያውቁት ከካርቱን ፊልም ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ግን በዓይናቸው አይተውታል፤ አንዳንዶቹም ተሳፍረውበታል።

በዚህ ጽሑፍ የማወራችሁ ያንን ባቡር ወደ ቤታችሁ ስለማስገባት ነው። በእንፋሎት ይሄዱ የነበሩ ባቡሮችን ትንንሽ ሞዴል ገዝቶ ማሳመር፣ ሐዲድ መዘርጋት፣ ጣቢያና መንደር ሠርቶ በመሃላቸው ማስኬድ በአውሮፓና በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የጀርመኑ ሜርክሊን ከነሐዲዱ የተሟላ የአሻንጉሊት ባቡር በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ያቀረበው በ1891 እ.ኤ.አ. ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ደግሞ በ1920 እ.ኤ.አ. የራሱን ባቡር ገበያ ላይ አዋለ። በሐምቡርግ ከተማ በ2001 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሞዴል ሐዲድ ዘርግቶ ከዓለም ዙሪያ ቤተሰቦችን ያስተናግዳል።

እኛ 15 ኪሎ ሜትር አያስፈልገንም፤ አንድ ጠረጴዛ ይበቃናል። ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር እንያዝ። ባቡሩን የሚሠራው ፋብሪካ ነው፤ መስመሩን የሚሠራው ግን ቤተሰብ ነው። ገዝታችሁ ብቻ ካስኬዳችሁት ከወር በኋላ አልጋ ሥር ይገባል። የምታውቁት ቦታ ላይ ካስኬዳችሁት ግን ለዓመታት አብሯችሁ ይቆያል።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውና የሌለው

የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ ካርቶን ላይ ያለ ፎቶ እንዴት እንደሚዘጋጅ አውቃለሁ። ፎቶው ላይ ተራራ፣ ዋሻ፣ ድልድይና ዛፍ ይታያል። ውስጡ የሚገኘው ግን አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ሦስት ፉርጎ፣ በክብ የሚገጠም ሐዲድና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ለመጀመር ይህ በቂ ነው። ተራራውን እኛው እንሠራዋለን።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ዕቃ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሆነ፣ “ባቡር ይዘህልኝ ና” ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ንገሩት።

አንደኛው መጠኑ ነው። በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። ኤች ኦ የሚባለው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ኤን የሚባለው 160 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ሐዲዱም 9 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ኤች ኦ ለልጆች እጅ ይመቻል፤ ነገር ግን ክብ ዞሮ ለመምጣት ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይፈልጋል። ኤን 60 በ100 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ ይዞራል፤ ሆኖም ለትንሽ ልጅ ጣት በጣም ደቃቃ ነው።

ሁለተኛው ዓይነቱ ነው። የሜርክሊን ኤች ኦ ባቡር ኤሌክትሪክ የሚወስድበት መንገድ ከሌሎቹ ይለያል፤ በሐዲዱ መሃል ካሉ ትንንሽ የብረት ነጥቦች ነው የሚወስደው። የአብዛኞቹ ሌሎች ፋብሪካዎች ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከሁለቱ ሐዲዶች ይወስዳል። ሁለቱ አንድ ሐዲድ ላይ አብረው አይሠሩም። ስለዚህ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ቀጥሉ።

ሦስተኛው ሶኬቱ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ መቆጣጠሪያ ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። እንዲሁ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ አደጋም ሊያስከትል ይችላል። አዳፕተሩ ላይ “100–240” የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይታችሁ ብቻ ስኩ። ሐዲዱ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ገደማ ስለሆነ ልጆች ቢነኩት አይጎዳቸውም። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን የአዋቂ ሥራ ነው።

የት ነው የሚሄደው?

ከፋብሪካ የሚወጡት ሞዴሎች አብዛኞቹ የጀርመን፣ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ባቡሮች ናቸው። እኛ ግን የራሳችን መስመር አለን። ከጂቡቲ የተነሳው የሐዲድ ሥራ በ1897 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ1902 አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደረሰ፤ ከተማዋም በባቡሩ ምክንያት ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ሲሆን፣ ስሙም የፈረንሳይኛው “ጣቢያ” የሚለው ቃል በእኛ አፍ ሲጠራ የወጣ ነው።

780 ኪሎ ሜትር ያህሉን መስመር ጠረጴዛ ላይ ማስፈር አይቻልም። አንድ ጣቢያ ግን ይቻላል። አቃቂ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ ሁሉም በመስመሩ ላይ ናቸው። ቤተሰባችሁ ከየትኛው ጋር ትዝታ አለው? እሱን ምረጡ። አዋሽን ከመረጣችሁ ደረቅ መሬት፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ግራሮች፣ ጥልቅ ሸለቆና ድልድይ ይኖራችኋል። አቃቂን ከመረጣችሁ ባሕር ዛፍና የቆርቆሮ ጣሪያ ይበዛል።

ለትክክለኛነት የሚጨነቅ ሰው ቤታችሁ ካለ አንድ ነገር ይወቅ። የቀድሞው መስመር የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የቀድሞውን በኤች ኦ መጠን በትክክል ለመሥራት 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ልዩ ሐዲድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ለጀማሪ ቤተሰብ በተለመደው 16.5 ሚሊ ሜትር መጀመር ይሻላል።

ሰሌዳውና መሬቱ

ሰሌዳውን አናጺ በግማሽ ቀን ይሠራላችኋል። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሹ፣ ማለትም 122 በ122፣ ለአንድ የኤች ኦ ዙር ይበቃል። ከሥሩ በእንጨት ይወጠር፤ አለበለዚያ ይጎብጣል። ኮንዶሚኒየም ቤት ቦታ ከጠበበ ሌላ መንገድም አለ። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው መደርደሪያ ግድግዳ ላይ አሰቅሉና ባቡሩ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይመላለስ። ክብ መዞር ግዴታ አይደለም፤ እውነተኛው ባቡርም ክብ አይዞርም።

አቀበት የምትፈልጉ ከሆነ በልኩ ይሁን። በአንድ ሜትር ውስጥ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ሐዲድ ትንሹን ሎኮሞቲቭ ያንሸራትተዋል። አንዱ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ከተፈለገ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ ለዚያም ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ መንደርደሪያ ይጠይቃል። እውነተኛው መስመር ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ ለምን ያን ያህል ዙሪያ ጥምጥም እንደሄደ ልጆቹ በዚህ ይገባቸዋል።

ለመሬቱ አብዛኛው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ተቆርጦ ሲደራረብ ተራራ ይሆናል። ለማጣበቂያ የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፤ ሽታቸው የሚከብድ ማጣበቂያዎች ፎሙን ያቀልጡታል። ከላይ በውሃ በቀጠነ ኮላ የተነከረ ጋዜጣ አልብሱት፤ ሲደርቅ ስስ ጀሶ ቀቡትና የአፈር ቀለም ስጡት። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ተነክሮ ሲደርቅ ሣር ይሆናል። ከጀበናው የሚደፋው የቡና አተላ በፀሐይ በደንብ ከደረቀ ጥሩ አፈር ነው፤ እርጥብ ከሆነ ግን ይሻግታል።

ቤቶቹን ከካርቶን ቁረጡ። የካርቶኑን የላይኛውን ወረቀት ስትልጡት ውስጡ ያለው ሸንተረር የቆርቆሮ ጣሪያ ይመስላል። በ87 ሲካፈል የሰው ቁመት 2 ሴንቲ ሜትር፣ የ20 ሜትር ባሕር ዛፍ ደግሞ 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን ሒሳብ ለልጆቹ ስጧቸው፤ የእያንዳንዱን ነገር ልክ እነሱ ያውጡት። የእንፋሎት ባቡር ብዙ ውሃ ስለሚፈጅ የውሃ ታንከርም አትርሱ። ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ በአራት የእንጨት እግር ላይ ሲቆም ታንከር ይሆናል።

ሎኮሞቲቩን የራስ ማድረግ

ከፋብሪካ የመጣ ሎኮሞቲቭ ያብለጨልጫል። የሠራ ባቡር ግን አያብለጨልጭም፤ ጥላሸት፣ አቧራና ዝገት አለበት። ሞዴሉን ከአሻንጉሊትነት የሚያወጣው ይህ የአገልግሎት መልክ ነው። ልምምዱን በርካሽ ፉርጎ ላይ ጀምሩ፤ ሎኮሞቲቩ ይቆይ።

መጀመሪያ አስኪዱትና መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ጥቂት የሳህን ሳሙና ባለው ውሃ በረጠበ ጥጥ የላዩን ቅባት ጥረጉ፤ ሞተሩ ውሃ እንዳይነካው። ሲደርቅ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስሱ ይነፋበት፤ ይህ በረንዳ ላይ በአዋቂ የሚሠራ ነው። ቀጥሎ ጥቁርና ቡናማ የውሃ ቀለም ሻይ እስኪመስል አቅጥናችሁ ቀቡት፤ ወዲያው በጨርቅ ከላይ ወደ ታች ጥረጉት። ቀለሙ በየስርቻውና በየብሎኑ ዙሪያ ይቀራል፤ የዓመታት ቆሻሻ መስሎም ይታያል።

የመጨረሻው ዱቄት ነው፤ ልጆች የሚወዱትም እሱን ነው። የከሰል ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ጭስ ማውጫው ዙሪያና ጣሪያው ላይ ይደረጋል፤ ጥላሸት ነው። ቡናማው ከመንኮራኩሮቹ አካባቢ ይደረጋል፤ አቧራና ዝገት ነው። ከነጭ ጠመኔ የተፋቀ ጥቂት ዱቄት ደግሞ ከቦይለሩ ቧንቧዎች ሥር ወደ ታች ይሰመራል። ውሃ እያንጠባጠበ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ጨው ነው፤ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ዓይነት። ከዚያ ድጋሚ ስስ ቫርኒሽ ይያዘው።

ማሳሰቢያው አንድ ነው። መንኮራኩሩ ሐዲዱን የሚነካበት ቦታ፣ ዘንጎቹና ሞተሩ ቀለምም ዱቄትም አይንካቸው። ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ከቆሸሸ ባቡሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይቆማል። ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል በረጠበ ጥጥ መንኮራኩሩንም ሐዲዱንም በየጊዜው መጥረግ ነው መፍትሔው።

ቁጥሩን ደግሞ እናንተ ስጡት፤ የልጁ የትውልድ ዓመት ወይም የአያት ቤት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሎኮሞቲቩን የማይበድር፣ የማይሸጥ የቤት ንብረት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር ነው።

አያትን ቦታ ስጧቸው

ይህን ሥራ ለልጆች ብቻ አትተዉት፤ ለአባት ብቻም አይሁን። መቁረጥ፣ መሸጥና መሰካት የአዋቂ ነው። ቀለም፣ ሰጋቱራና ሒሳብ የልጆች ነው። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ትንንሾቹን ዕቃዎች ወደ አፉ ስለሚወስድ ከጠረጴዛው ይራቅ።

ለአያቶች የሚቀረው ሥራ ትልቁ ነው፤ ቦታውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በእኛ መስመር ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንፋሎቱ ፋንታ ዲዝል እየገባ ስለሄደ፣ ጭሱን ያየ ሰው አሁን በዕድሜ የገፋ ነው። ሊቶሪና የተሳፈሩ፣ ፉርጎ ውስጥ ያደሩ፣ በየጣቢያው የሚሸጠውን የገዙ ግን ዛሬም በየቤታችን አሉ። “አባባ፣ ጣቢያው በር ላይ ምን ነበር?” “እማማ፣ ባቡሩ ሲቆም ምን ይሸጥ ነበር?” “ጣሪያው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?” ብለው ልጆቹ ይጠይቁ። መልሱን እየሰሙ ቤቱን ይቀቡ፣ ሻጯን ያቁሙ፣ ዛፉን ይትከሉ። እንዲሁ “ስለ ድሮ አጫውቱን” ሲባሉ “ምን አለ ብላችሁ” የሚሉ ሽማግሌ፣ ሐዲዱ በተሳሳተ በኩል ሲዘረጋ ካዩ ዝም አይሉም።

ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ሐዲድ ከገበያ ይገኛል፤ ሎኮሞቲቩም ዘንድሮ ባይመጣ ለከርሞ ይመጣል። ጣቢያውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን እስከ ከርሞ ላይጠብቀን ይችላል። ስለዚህ ባቡሩ ገና ከዘመድ ሻንጣ ሳይወጣም ቢሆን፣ በዚህ እሑድ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርጉና አያትን በእርሳስ ካርታ አስጀምሯቸው።