የሠራተኞች የጋራ ቫን ከሕዝብ ማመላለሻ ቁጥጥር ነፃ የወጣበት መንገድ

በአሜሪካ በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ሠራተኞች በአንድ ቫን ተሳፍረው፣ ከመካከላቸው አንዱ እያሽከረከረና ወጪውን በጋራ እየሸፈኑ ወደ ሥራ የሚመላለሱበት አሠራር «ቫንፑል» በመባል ይታወቃል። አሠራሩ የአዲስ አበባ ሠራተኛ «ሰርቪስ» ከሚለው መጓጓዣ ጋር ቢቀራረብም አሽከርካሪው ራሱ ወደ ሥራው የሚሄድ ባልደረባ መሆኑ ይለየዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ግዛቶቹ ቁጥጥራቸውን ሲያላሉ የተመረኮዙት በዚሁ ነው።

ክፍያ ተቀብሎ ሰው በሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ ላይ የተጣለው ጥብቅ ቁጥጥር ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ በ1914 በሎስ አንጀለስ የመኪና ባለቤቶች በ5 ሳንቲም ሰው እየጫኑ በከተማ ባቡር መስመሮች ላይ መሥራት ጀመሩ። «ጂትኒ» የተባለው ይህ አገልግሎት በፍጥነት ወደ ሌሎች ከተሞች በመስፋፋቱና የባቡር ኩባንያዎቹ ገቢያቸው መቀነሱን በመግለጽ አቤቱታ በማቅረባቸው፣ ከተሞችና ግዛቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፈቃድ፣ የዋስትናና የመስመር ግዴታዎችን ደነገጉ። አብዛኞቹ ጂትኒዎችም ከሥራ ወጡ። ከዚያ በኋላ አዲስ አገልግሎት መጀመር የሚሻ አካል አገልግሎቱ ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን ለግዛቱ ኮሚሽን ማስረዳትና ታሪፉን ማስጸደቅ ይጠበቅበት ጀመር። ነባር የአውቶቡስ ድርጅቶችም ማመልከቻውን የመቃወም መብት ነበራቸው። 10 ጎረቤቶቹን ይዞ ወደ ሥራው ለሚሄድ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ማሟላት የማይታሰብ ነበር።

ሦስት ኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1973 የፀደይ ወራት በሚኒሶታ ግዛት በ6 ቫኖች ሙከራውን ሲጀምር መነሻው የመኪና ማቆሚያ ቦታ እጥረት እንጂ የነዳጅ ችግር አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ሲጣል አሠራሩ የመንግሥትን ትኩረት ሳበ። በቀጣዮቹ ዓመታትም በርካታ ግዛቶች ቫንፑልን ከሕዝብ ማመላለሻ ሕጎቻቸው ውጭ አደረጉ። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ እ.ኤ.አ በ1979 የወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሲያትል አካባቢ የሚገኘው ኪንግ ካውንቲ የራሱን የቫንፑል አገልግሎት ጀምሯል።

ነፃ የማድረጉ ወሰን እንዴት እንደተቀመጠ የካሊፎርኒያ ሕግ በግልጽ ያሳያል። አሽከርካሪውን ጨምሮ ከ15 የማይበልጥ ሰው የሚይዝ ተሽከርካሪ ጉዞው ለአሽከርካሪው ሌላ ዓላማ ተጓዳኝ ከሆነ ከኮሚሽኑ ቁጥጥር ነፃ ነው። የጉዞው ዋና ዓላማ ትርፍ ከሆነ ግን ነፃነቱ አይሠራም። ለተሽከርካሪው የወጣውን ትክክለኛ ወጪ መመለስ በሕጉ እንደ ትርፍ አይቆጠርም። በዚህም የታሪፍና የመስመር ክርክር ቀርቶ ባለሥልጣኑ የሚያጣራው ገንዘቡ የተሰበሰበበትን ዓላማ ብቻ ሆኗል።

ቁጥጥሩ ግን ፈጽሞ አልተነሳም። በካሊፎርኒያ የቫንፑል አሽከርካሪ የጤና ምርመራ የማድረግ ግዴታ አለበት። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ በ2001 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ 15 ሰው የሚይዙ ቫኖች 10 እና ከዚያ በላይ ሰው ሲጭኑ የመገልበጥ አደጋቸው ጥቂት ሰው ከያዙበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ አስታውቋል። ለኢኮኖሚ ቁጥጥር ሲባል የተቀመጠው የ15 ሰው ጣሪያ ለደኅንነት በቂ መለኪያ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው።

የፌዴራሉ የግብር ሕግም የራሱ መለኪያ አለው። አሠሪ ለሠራተኛው የሚሸፍነው የቫን ወጪ በተወሰነ ጣሪያ ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆነው፣ ተሽከርካሪው ከአሽከርካሪው ሌላ ቢያንስ 6 ሰው የሚይዝና ከጉዞው 80 በመቶ የሚሆነውን ወንበሩ ቢያንስ በግማሽ ሞልቶ ሠራተኞችን ለማመላለስ የሚያውል ሲሆን ነው።

በኒውዮርክ እ.ኤ.አ በ1980 በተደረገው የትራንስፖርት ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ የተስፋፉት የግል ቫኖች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ለአሽከርካሪዎቻቸው መተዳደሪያ በመሆናቸው ዛሬም ከከተማው የታክሲና ሊሞዚን ኮሚሽን ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል።