ባለቤት አልባ ውሻን ማሳደግ ለሰፈር የሚሰጠው ጥቅም

በአምቦ መንገድ እንደሚገኘው ሳንሱሲ ባሉ፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል በሚገኙ ሰፈሮች ውሻ በቅድሚያ የግቢ ዘብ ነው። የተጣለ ቡችላን ወስዶ የማሳደግ ጥቅምም በዚሁ ይለካል፤ ቀላል ጥቅም አይደለም። ዋነኛው ግን ከአጥሩ ውጭ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የማይታሰብበት የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ አማካይነት ናቸው። ሥርጭቱን ለመግታት ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑ ውሾች መከተብ አለባቸው። የጎዳና ውሻን ይዞ መከተብ አዳጋች ነው፤ ሰው የለመደው ግን በአሳዳጊው እጅ ተይዞ ይከተባል። በመርዝ የተገደሉትን ያልተከተቡ ቡችሎች ቶሎ ስለሚተኩ፣ ግድያ የተከታቢዎቹን ድርሻ ያሳንሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም። ሴት ውሻ እንዳትወልድ ካልተደረገች ግን ቡችሎቿ ተመልሰው ጎዳና ላይ ይጣላሉ።