ቋጥኝና ሸክላ የተቀላቀሉበት መሬት በተዳፋት ጥናት

ጠንካራ ቋጥኞች በደካማ ማቀፊያ ቁስ ውስጥ ተበታትነው የሚገኙበት ዐለት በጂኦቴክኒክ ምህንድስና «ቢምሮክ» ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1994 ያስተዋወቀው ኤድመንድ ሜድሊ ሲሆን፣ የጥናቱ ዋና መነሻ በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኘው የፍራንሲስካን ሜላንዥ ነበር።

የተዳፋትን መረጋጋት የሚያሰሉ መሐንዲሶች ብዙውን ጊዜ የመላውን መሬት ጥንካሬ በማቀፊያው ጥንካሬ ይተኩታል። ይህ አሠራር ለጥንቃቄ ቢያመችም ወጪን ያንራል። ሊንድኲስትና ጉድማን በሠሩት የናሙና ሙከራ እንደታየው፣ የቋጥኙ ድርሻ ከ25 በመቶ በታች ሲሆን ጥንካሬውን የሚወስነው ማቀፊያው ነው። ከ25 እስከ 75 በመቶ ባለው ክልል ግን የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን ይጨምራል፤ ኮሄዥን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። የሚንሸራተተው ወለል ቋጥኙን ሰንጥቆ ማለፍ ስለማይችል ዙሪያውን እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ቋጥኞቹ ወደ ተዳፋቱ አቅጣጫ ተኝተው ከተደረደሩ ግን ይህ ጥቅም እጅግ ይሳሳል።

«ቋጥኝ» የሚለው ቃል ራሱ በመጠን የሚለዋወጥ ነው። የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን የሥራው ዋና ልኬት 5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በ40 ሜትር ተዳፋት ከ2 ሜትር በታች ያለው ሁሉ እንደ ማቀፊያ ሲቆጠር፣ በ4 ሜትር የመንገድ ቆረጣ 20 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ቋጥኝ ይሆናል።

አሳሳቹ ነገር ቁፋሮው ነው። መሰርሰሪያው በቋጥኙ ሰፊ ወገብ በኩል የሚያልፈው አልፎ አልፎ በመሆኑ፣ ከናሙናው የሚነበበው ርዝመት ከእውነተኛው ስፋት ያንሳል። ከዚህ የከፋው፣ በትልቅ ቋጥኝ ላይ የቆመ ጉድጓድ «መሠረተ ዐለት ተገኘ» ተብሎ ሲመዘገብ ነው፤ በዚያ ላይ የታሰረ መልሕቅ ከሚንሸራተተው መሬት ጋር አብሮ ይወርዳል።

በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ መንገድ በከፊል የሚያልፈው የባዛልት ቋጥኞች ከሸክላማ አፈር ጋር በተቀላቀሉበት ናዳ ላይ ነው። አፈጣጠሩ ከሜላንዥ ይለያል፤ ከገደል የወረደ ክምችት እንጂ በቴክቶኒክ ኃይል የተፈጨ ዐለት አይደለም። ስለሆነም የካሊፎርኒያውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይገባም። በክረምት የውሃ ግፊት ሲጨምር የማቀፊያው ጥንካሬ ይቀንሳል፤ በቆረጣው ፊት ላይ ያለው ሸክላ ታጥቦ ሲሄድም ቋጥኞቹ ድጋፍ አጥተው አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ይወድቃሉ። የቋጥኙ ድርሻ ከፍ ማለቱ ይህን ሁለተኛውን አደጋ ያባብሰዋል እንጂ አያስቀረውም።