ቡችላውን ከማን እጅ እንቀበል?

በአሜሪካ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ውሻ ያለው ሰው ሁሉ ራሱን «ውሻ አርቢ» ብሎ መጥራት ይችላል። ፈተና የሚፈትነው የለም። የሚያራባቸው ሴት ውሾች ከ4 ካልበለጡ፣ ወይም ቡችሎቹን ለገዢው ፊት ለፊት የሚሸጥ ከሆነ፣ የፌዴራል ፈቃድ እንኳ አይጠየቅም። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ለልጆቹ ትንሽ ውሻ የሚፈልግ የአገራችን ሰው፣ ከዝርያውና ከጸጉሩ ቀለም በፊት አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይህን ሻጭ በምን ልመነው?

አገር ቤት ቡችላ የሚገኘው በትውውቅ ነው። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ «አንዱን ለኔ ያዙልኝ» እንላለን። እናቲቱን ከነአመሏ እናውቃታለን፤ ልጆች ሲጠጓት ምን እንደምታደርግ አይተናል። ባለቤቶቿ የእድራችን ሰዎች ናቸው። ቡችላው ቢታመም የማንን በር እንደምናንኳኳ አይጠፋንም። ባዕድ አገር ይህ ሁሉ የለም፤ የቀረን የስልክ ፎቶ፣ ዋጋና የክፍያ ቁጥር ነው። ጥሩ አርቢ መፈለግ ማለት ያጣነውን ትውውቅ በጥያቄ፣ በሰነድና በአካል ጉብኝት መልሶ መገንባት ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ውሻው ግን 12 እና 15 ዓመት አብሮን የሚኖር ነውና ወራቱ አይበዛበትም።

ሻጮች ቀድመው የሚናገሩት «ወረቀት አለው» የሚለውን ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1884 የተቋቋመው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ፣ በአጭሩ ኤኬሲ፣ የሚሰጠው የምዝገባ ሰነድ ነው። ሰነዱ ቡችላው ከተመዘገቡ የአንድ ዝርያ አባትና እናት መወለዱን ይናገራል። የልደት የምስክር ወረቀት የልጁን ጤና እንደማይናገር ሁሉ ይህም አይናገርም፤ ክለቡ ራሱ ምዝገባው የጤናና የጥራት ዋስትና እንዳልሆነ በግልጽ ያስታውቃል።

«የመንግሥት ፈቃድ አለኝ» የሚለውም በጥንቃቄ መሰማት አለበት። ይህ እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ መሠረት የግብርና መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ደንቡ ለአንድ ውሻ የሚያዘውን ዝቅተኛ የወለል ስፋት እንመልከት። ውሻው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው መነሻ ይለካል፣ 6 ኢንች ይጨመርበታል፣ የተገኘው ቁጥር በራሱ ይባዛል። ርዝመቷ 12 ኢንች ለሆነ ቺዋዋ የሚደርሳት እያንዳንዱ ጎኑ 18 ኢንች፣ ማለትም 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ወለል ነው። ጣሪያው ከራሷ በላይ 6 ኢንች ከፍ ካለ ይበቃል። ለምታጠባ እናት ጥቂት ይጨመርላታል። በእንዲህ ያለ ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ዕድሜዋን ስትወልድ የኖረች ውሻ ባለቤት «ሕጋዊ ነኝ» ቢል አልዋሸም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 መግቢያ ጀምሮ፣ ኒው ዮርክም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ መደብሮች ቡችላ እንዳይሸጡ የከለከሉት ከእንዲህ ያሉ የጅምላ ማራቢያዎች የሚመጣውን ለመግታት ነው። ፈቃድ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ምንም አያረጋግጥም።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያሳስተው «ሐኪም አይቶታል» የሚለው ነው። ሐኪሙ የቡችላውን ልብ አዳምጧል፣ የትል መድኃኒትና የመጀመሪያ ክትባት ሰጥቷል። ይህ መደረጉ ግድ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ትናንሽ ውሾችን የሚያሠቃዩት አብዛኞቹ ሕመሞች ከወላጅ የሚወረሱና ዘግይተው የሚታዩ ናቸው። መመርመር ያለባቸው አባትና እናት ናቸው፤ ያውም ከመዳቀላቸው በፊት።

የጉልበት ሎሚ መውለቅን እንውሰድ፤ በቺዋዋ፣ በዮርክሻየር ቴሪየር፣ በማልቲዝና በፖሜራኒያን በጣም የተለመደ ነው። ሎሚዋ በጭን አጥንት ጫፍ ባለች ቦይ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት ሲገባት ወደ ጎን፣ በትናንሽ ውሾች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጠኛው ጎን፣ ትወጣለች። ውሻው እየሮጠ ሳለ ድንገት አንድ የኋላ እግሩን አጥፎ ጥቂት ርምጃ በሦስት እግሩ ይዘላል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሩጫውን ይቀጥላል። ልጆች ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ። ሐኪም ሲመረምር እግሩን ቀና አድርጎ ይዞ ሎሚዋን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይገፋታል። ተገፍታ ወጥታ ሲለቃት ወዲያው ከተመለሰች 1ኛ ደረጃ ይባላል፤ ሁልጊዜ ወጥታ የምትገኝና በእጅም የማትመለስ ከሆነ 4ኛ ደረጃ ነው። ደረጃው ከፍ ሲል መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ወጪውም በሺዎች ዶላር ይቆጠራል። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ወላጆቹን አንድ ዓመት ሲሞላቸው አስመርምሮ ውጤቱን ያስመዘግባል።

መዝገቡን የሚይዘው ኦኤፍኤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የውሾች ጤና ተቋም ነው። ገዢን በእጅጉ የሚረዳው ነገር ይህ መዝገብ ለማንም ክፍት መሆኑ ነው። የእናቲቱንና የአባትየውን ሙሉ የምዝገባ ስም ወይም ቁጥር ከአርቢው ይቀበሉ፤ «ሚሚ» የሚለው የቤት ስም አይበቃም። ስሙን በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ሲጽፉ ጉልበቷ መቼ እንደታየ፣ ልቧና ዐይኗ ምን ውጤት እንዳገኙ ከሻጩ አንደበት ሳይሆን ከመዝገቡ ያነባሉ። ሊታይ የሚገባው እንደ ዝርያው ይለያያል፤ በቺዋዋ ጉልበት፣ ልብና ዐይን፣ በካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ከምንም በላይ ልብ፣ በቶይ ፑድል ዐይንን ቀስ በቀስ የሚያሳውረው በሽታ የዘር ምርመራ። አርቢው ስሞቹን ለመስጠት ካመነታ ፍለጋውን ከእርሱ ጋር አይቀጥሉ።

ለመጀመር የሚሻለው ቦታ የየዝርያው ብሔራዊ ክለብ ነው። ማልቲዝም፣ ቺዋዋም፣ ሃቫኒዝም የየራሳቸው አላቸው፤ የአባል አርቢዎችን ስም ይሰጣሉ። የሚደውሉለት አርቢ ምናልባት አሁን ቡችላ የለውም። ሆኖም ሌላ የሚያምነውን አርቢ ይጠቁማል፤ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉና።

ስለ «ቲካፕ» አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እንዲህ የሚባል ዝርያ የለም። በኤኬሲ መለኪያ ቺዋዋ ከ6 ፓውንድ፣ ዮርኪ ከ7 ፓውንድ እንዳይበልጡ ተወስኗል፤ እነዚህ በራሳቸው እጅግ ትናንሽ ውሾች ናቸው። ከዚያ አሳንሶ «ሲያድግም 2 ፓውንድ አይሞላም» እያለ እጥፍ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው ደካማ ፍጥረት ነው። እርግብግቢቱ ሳይገጥም የቀረ፣ አንድ ምግብ ሲያልፈው የደም ስኳሩ ወርዶ የሚንገዳገድና ራሱን የሚስት፣ ከሶፋ ሲዘል አጥንቱ የሚሰበር ቡችላ ነው። በዚሁ ምክንያት የትናንሽ ዝርያ ጥሩ አርቢዎች ቡችላውን 10፣ ብዙዎቹም 12 ሳምንት ሳይሞላው አይሰጡም። በ6 ሳምንቱ ውሰዱ የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ግድ የለውም።

አሁን ብዙ ወገኖቻችንን የሚያስቀይመው ላይ ደረስን። ጥሩ አርቢ ይጠይቃል። ቤቱ የራስዎ ነው ወይስ ኪራይ? አከራዩ ውሻ ይፈቅዳል? ደብዳቤ አለዎት? ቀን ቀን ማን ቤት ይውላል? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ለእረፍት አገርዎ ሲሄዱ ውሻው የት ይቆያል? «ገንዘቤን ይዤ መጥቼ ምን ያስመረምረኛል? አነጋገሬን ሰምቶ ናቀኝ» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ አለ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ስደተኛ በየቢሮው ሲጠየቅ የኖረ ነው። ግን ምንም ሳይጠይቅ የሚሸጥልዎ ሰው ለማንም ይሸጣል። በእውነት ይመልሱ። «ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ናት፣ እኔ ቀን እሠራለሁ» የሚለው መልስ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ ቤቱ ባዶ አይሆንም ማለት ነው፤ በቀን አራት ጊዜ መመገብ ላለበት ቡችላ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እማማ ከአገር ቤት መጥተው አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ያማክሯቸው። ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም፣ ብዙ አረጋውያን ውሻ ጸሎት ከሚደረግበት ቤት እንዲገባ አይወዱም። ይህ ሳይነጋገሩበት የገባ ቡችላ በወሩ ሌላ ቤት ይፈለግለታል።

ዋጋን የመጀመሪያ ጥያቄ አያድርጉት። አርቢዎች በዚህ የሚጀምርን ሰው ቸል ይላሉ። ከተመረመሩ ወላጆች የተወለደ ቡችላ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ቢጠየቅበት አይደንቅም፤ እንደ መርካቶም አይከራከሩበትም።

ጉብኝቱ በአካል ይሁን። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» የሚለው የአገራችን ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። በእንግሊዝ ይህ ሕግ ሆኗል። ሉሲ የተባለች ካቫሊየር እ.ኤ.አ. በ2013 ከዌልስ የቡችላ ማምረቻ ስትወጣ ደጋግሞ በማስወለድ ሰውነቷ ተጎድቶ ነበር፤ በስሟ የተጠራው ሕግ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ሦስተኛ ወገን ቡችላ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ቡችላውም በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር እንዲታይ ያዝዛል። በአሜሪካ ይህ በገዢው ጥንቃቄ ላይ የተጣለ ነው። «እናቲቱ ሐኪም ዘንድ ናት»፣ «መንገድ ላይ እንገናኝ፣ ፓርኪንግ ላይ አመጣልዎታለሁ» ከተባሉ ይተዉት። አባትየው ባይኖር ግን አይጠራጠሩ፤ ጥሩ አርቢዎች ብዙ ጊዜ ተስማሚ ወንድ ፍለጋ ሌላ ክፍለ ግዛት ድረስ ይሄዳሉ። ስሙንና የምርመራ ውጤቱን መያዝ ይበቃል።

ሲገቡ እናቲቱን ይመልከቱ። ጡቷ የተንዠረገገ፣ ጸጉሯም የሳሳ ሊሆን ይችላል፤ ስለምታጠባ ነው። ባለቤቷ ስትጠራት ግን ጭራዋን እየቆላች ትመጣለች ወይስ አንገቷን ቀብራ ትሸሻለች? ቡችሎቹ ሳሎን ወይም ኩሽና አጠገብ፣ የሰው ድምፅ፣ የሳህን ኳኳታና የልጅ ሳቅ በሚሰማበት ነው የሚያድጉት ወይስ ጋራዥ ውስጥ? ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ቡችላ ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። አብዛኛው የሚያልፈው እርስዎ ጋ ሳይደርስ፣ በአርቢው እጅ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ያላቀፈው ቡችላ ሲያድግ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከአልጋ ሥር ይገባል፤ ወይም ይናከሳል።

በስልክ ብቻ የሚጨርሱ ሻጮች ዘዴ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ርካሽ ዋጋ፣ ቀጥሎ የማጓጓዣ፣ ቀጥሎ የልዩ ሳጥን፣ ቀጥሎ የኢንሹራንስ ክፍያ ይመጣል፤ ሁሉም በማይመለስ መንገድ እንዲላክ ይፈለጋል። ቡችላው ግን የለም። ከሌላ አገር ይላካል ከተባለ አንድ ሕግ ይወቁ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላው ይገባል። ኢትዮጵያም በእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚያ ለሚመጣ ውሻ ተጨማሪ የክትባት ሰነድ ያስፈልጋል። ጀርመንና ስዊድን ላላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የእብድ ውሻ ክትባቱ በ12 ሳምንት ተሰጥቶ 21 ቀን መቆየት ስላለበት፣ 15 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከውጭ ሊገባ አይችልም። «የ8 ሳምንት ቡችላ ከውጭ አስመጣልሃለሁ» የሚል ሰው ወይ ሕግ ያፈርሳል ወይ ይዋሻል።

ውሉን ሳያነቡ ቀብድ አይክፈሉ፤ እንግሊዝኛው ከከበደዎ ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው ያስነብቡ። በተለይ አንድ አንቀጽ ይፈልጉ፤ ውሻውን በማንኛውም ዕድሜ ማኖር ቢያቅትዎ አርቢው መልሶ እንደሚወስደው የሚናገረውን። ይህን የሚጽፍ ሰው ላስወለዳቸው ቡችሎች ዕድሜ ልክ ኃላፊነት ወስዷል።

በመጨረሻ፣ ሁለት ሰዓት ነድተው ሄደው ቆሻሻ ቤት፣ ዐይናቸው ያዠ ቡችሎችና የፈራች እናት ቢያገኙ፣ አንጀትዎ ይላወሳል። «ቢያንስ አንዱን ላድን» ይላሉ። እባክዎ አይግዙ። የከፈሉት ገንዘብ እናቲቱን በቀጣዩ ዙር መልሶ ያስወልዳታል፤ ሻጩም ርኅራኄ እንደሚያዋጣ ይማራል። አድራሻውን ይያዙ፣ ባዶ እጅዎን ይውጡ፣ መኪናዎ ውስጥ ሆነው ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ቢሮ ይደውሉ፤ ያዩትን አንድ በአንድ ይንገሯቸው።