ያለ ዜማ ስለሚያጉረመርም የጊታር ማጉያ

በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የአንዱ ግድግዳ የጎረቤቱም ግድግዳ ነውና፤ የቤዝ ጊታር ማጉያ ያለ ዜማ ሲያጉረመርም የሚታወከው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ምክንያቱን በተራ እንዲመረምሩ ክቡራን አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ወፍራሙ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። አስቀድሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጊታሩን ገመድ ከማጉያው መንቀል ነው። ጩኸቱ ከቀረ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከጊታሩ ወገን ነውና፤ ገመዱን በሌላ ለውጦ መፈተን ይገባል። ጊታሩን ይዘው ዞር ሲሉ ከቀነሰም፤ በአጠገብ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ መራቅ ነው። ገመዱ ተነቅሎም ካልቀረ ነገሩ የማጉያው ወይም የመብራቱ መስመር ነውና ለባለሙያ ይሰጥ።

ጩኸቱን ለማጥፋት ሲሉ የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጡ አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማጉያው በተበላሸ ቀን የጊታሩን ክር የነካ ልጅ ሊሞት ይችላልና።