ሲሚንቶ የሚበላው እጅ፦ መድኃኒቱ ፋብሪካ ውስጥ የተገኘ የሠራተኞች በሽታ

«ሲሚንቶ እጅ ይበላል» ሲባል በግንባታ ሥራ ያለፈ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ማልታ የሚያቦካው፣ በባሬላ የምታመላልሰው፣ አርማታ የሚሞላው፣ ግድግዳ የሚለስነው ሠራተኛ እጁ ሲሰነጠቅና የጣቶቹ መሃል ሲያሳክከው የሥራው ጠባይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቅባት ይቀባል፣ አንድ ሁለት ቀን ያርፋል፣ ይመለሳል። የብዙው ሰው ቁስል በዚህ ይሽራል። የአንዳንዱ ግን ወደ ሥራ በተመለሰ ቁጥር እየባሰ ይሄድና በመጨረሻ ሙያውን ያስጥለዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ሐኪሞች አርባ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ አውሮፓ በሽታውን በጋራ ሕግ ለመከላከል ሌላ ሃምሳ አምስት ዓመት ወስዶባታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፓሪስ ምድር ሥር

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ላይ በግልጽ የሰፈረው በ1908 ነው። ማርሻል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የፓሪስን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር በሚሠሩ ሰዎች እጅና ክንድ ላይ ያየውን ቁስል «የሲሚንቶ እከክ» ሲል መዘገበው። የእከክ ተባይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ መልኩና ማሳከኩ ግን ይመሳሰላል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የተጣለው በሁለት የታወቁ የሲሚንቶ ጠባዮች ላይ ነበር። የመጀመሪያው አልካሊነቱ ነው። ውኃ የነካው ሲሚንቶ የፒኤች መጠኑ ከ12 እስከ 13 ይደርሳል፤ ይህም ቆዳን ለማቃጠል ይበቃል። እርጥብ አርማታ ላይ ተንበርክኮ የሠራ ሰው ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ እስከ ጥልቁ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው ሻካራነቱ ነው፤ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ማልታ ቆዳን ይፍቃል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አይመልሱም። አሥር ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሆን የሠራ ግንበኛ፣ አንድ ቀን ጀምሮ ትንሽ ሲሚንቶ በነካው ቁጥር ለምን ያብጣል? ጎኑ ቆሞ ያንኑ ማልታ የሚያቦካው ጓደኛውስ ለምን ደህና ይሆናል?

በጀርባ ላይ የተለጠፈው መልስ

መልሱን የሰጠው መሣሪያ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር። ጆሴፍ ያዳሶን የተባለው የቆዳ ሐኪም በ1895 በግራትስ ከተማ በተካሄደ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ አንድ ቀላል ዘዴ አቀረበ። የተጠረጠረው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ተወስዶ በታማሚው ጤነኛ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ይጠበቃል። ቦታው ከቀላ፣ ካበጠና ጥቃቅን ውኃ የቋጠሩ ነጠብጣቦች ካወጣ፣ ሰውነቱ ያን ነገር ይቃወማል ማለት ነው። ዛሬም ፓች ቴስት የሚባለው ምርመራ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልጥፎቹ ጀርባ ላይ ሁለት ቀን ይቆያሉ፤ ውጤቱ ሲነሱና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት እንደገና ይነበባል። የንክኪ አለርጂ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነውና ችኮላ አይሆንለትም።

በ1950 ዬገርና ፔሎኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ በዚህ ዘዴ ተጠቅመው ሲሚንቶ ችፌ ያስያዛቸውን 32 ሰዎች መረመሩ። የለጠፉላቸው ሲሚንቶውን ሳይሆን ባይክሮሜት የተባለውን የክሮሚየም ጨው ነበር። ከዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑት ታማሚዎች ምላሽ ሰጡ። በሌላ ምክንያት ችፌ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ግን ምላሽ የሰጡት ጥቂት ብቻ ነበሩ። ተፈላጊው ተያዘ።

ክሮሚየም ሲሚንቶ ውስጥ ማንም ሆን ብሎ የሚጨምረው ነገር አይደለም። በኖራ ድንጋዩና በሸክላው ውስጥ በተፈጥሮ በጥቂቱ ይገኛል፤ ከምድጃው ጡቦችና ከወፍጮው ብረቶችም ሊጨመር ይችላል። በዚህ መልኩ ሳለ ብዙም አይጎዳም። ጥሬ ዕቃው በ1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲጋገር ግን ከፊሉ ተለውጦ ክሮሚየም ስድስት ወደሚባለው ዓይነት ይሸጋገራል። ይህኛው በውኃ ይሟሟል፣ ቆዳን ዘልቆ ይገባል። አልካሊው ቆዳውን ይከፍትለታል፤ እርሱ ይገባል። የሰውነት መከላከያ ሕዋሶች ባዕድነቱን አንዴ ከለዩ በኋላ እንደ ቂመኛ ሰው አይረሱትም። ይህ ለመድረስ ወራትም ዓመታትም ሊወስድ ይችላል። ከደረሰ በኋላ ግን የማይታይ ቅንጣት እንኳ ችፌውን ይቀሰቅሰዋል።

ሕመምተኛውን ግራ የሚያጋባው ሌላም ነገር አለ። ምላሹ የሚታየው በነካ ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ስለሆነ፣ ሰው ምክንያቱን ከምግብ፣ ከሳሙና፣ ከፀሐይ ይፈልጋል። አብዛኛው ታማሚ ሥራ ሲተው እንኳ ፈጥኖ አለመዳኑም ሌላ ምስጢር ይመስል ነበር። ከምስጢሩ ከፊሉን የፈታው ቆዳ ነው፦ ጫማ፣ ቀበቶና የሥራ ጓንት የሚሠራበት ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ግንበኛው ከሲሚንቶ ሸሽቶ ጫማው ውስጥ ያገኘዋል።

አንድ ማንኪያ የብረት ጨው

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ለሠራተኛው የቀረበለት መፍትሔ ጓንት አድርግ፣ ታጠብ፣ ካልሆነ ሥራ ቀይር የሚል ነበር። ጓንት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ማልታ የገባበት ጓንት ግን ሲሚንቶውን ከቆዳ ጋር አስሮ ስለሚይዝ ከባዶ እጅ የባሰ ነው።

ጥያቄውን ከሠራተኛው እጅ አንስቶ ወደ ፋብሪካው ያዞረው የስዊድኑ የቆዳ ሐኪም ሲግፍሪድ ፍሬገርት ነው። በሉንድ ከተማ የነበረው ይህ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በ1979 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሲሚንቶ ላይ ጥቂት ፌረስ ሰልፌት ቢጨመር ክሮሚየም ስድስት ወደማይጎዳው ዓይነት እንደሚመለስ አሳየ። ፌረስ ሰልፌት ርካሽ የብረት ጨው ነው፤ የነጭ ቀለም ግብዓት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ሆኖ በብዛት ይገኛል። የሚያስፈልገው መጠንም ከሲሚንቶው ክብደት ከአንድ ከመቶ በታች ነው።

ቀድማ የተጠቀመችበት ዴንማርክ ናት። በ1981 መጨመር ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ሕግ ሆነ። በአገሪቱ ሲሚንቶ የሚያመርተው የኦልቦርግ ፋብሪካ ብቻ መሆኑ ነገሩን አቀለለው፤ አንድ በር ተንኳኩቶ አንድ በር ተከፈተ። ተመራማሪዎች ተገጣጣሚ የኮንክሪት ክፍሎች የሚያመርቱ ሠራተኞችን ለውጡ ሲጀመር በ1981፣ ከዚያም በ1987 መረመሩ። ክሮሚየም ያመጣው የእጅ ችፌ ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ወደ አንድ ገደማ ወርዶ ተገኘ።

ጥርጣሬ አልጠፋም። በእነዚያ ዓመታት የግንባታ ሥራው ራሱ እየተለወጠ ነበር፤ ማሽን በዝቷል፣ ተቦክቶ በመኪና የሚመጣ ኮንክሪት ተለምዷል፣ እጅ ሲሚንቶ የሚነካበት ጊዜ ቀንሷል። ምስጋናው ለብረት ጨው ነው ወይስ ለማሽኑ? ለዚህ ጥሩ መልስ የመጣው ከፊንላንድ ነው። ፊንላንድ በ1987 ፌረስ ሰልፌት መጨመር ከጀመረች በኋላ በግንባታ ሠራተኞች ላይ የሚመዘገበው የክሮሚየም አለርጂ ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። በአልካሊው የሚመጣው ተራ የቆዳ መቆጣት ግን በነበረበት ቆየ። ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው በቀነሱ ነበር። የቀነሰው አንዱ፣ ያውም መድኃኒቱ የተጨመረበት ብቻ ነው።

ያልሰሙ አገሮች

ዴንማርክ ለውጡን ከጀመረች ሰባት ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ በባሕር ሥር የሚያገናኛቸውን ዋሻ መቆፈር ጀመሩ። በእንግሊዝ በኩል በነበሩ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በ1994 ሲታተም፣ ከተመረመሩት 1138 ሰዎች 332ቱ ሥራው ያመጣው የቆዳ ሕመም እንደነበረባቸው ገለጸ። ፓች ቴስት ከተደረገላቸው መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ክሮሚየምን የሚቃወሙ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ከታወቀ ከአርባ ዓመት፣ መፍትሔው ከተጻፈ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት በመጨረሻ በ2003 መመሪያ አወጣ። ከጥር 2005 ጀምሮ ውኃ ሲገባበት በኪሎ ከ2 ሚሊግራም በላይ የሚሟሟ ክሮሚየም ስድስት ያለው ሲሚንቶ፣ እጅ በሚነካበት ሥራ ላይ እንዳይውልና ለዚያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። የብረት ጨው ኃይሉ ከጊዜ ጋር ስለሚደክም፣ በከረጢቱ ላይ የታሸገበት ቀንና ጥበቃው የሚቆይበት ጊዜ እንዲጻፍ ግዴታ ሆነ። በ2015 ደግሞ ቆዳን በሚነኩ የቆዳ ውጤቶች ላይ በኪሎ የ3 ሚሊግራም የክሮሚየም ስድስት ገደብ ተጣለ።

በሌሎች የንክኪ አለርጂዎችም የታየው ይኸው ነው። ጌጣጌጥና የሱሪ ቁልፍ የሚያስይዙት የኒኬል አለርጂ የቀነሰው ሴቶች ጆሮ ጌጥ እንዲያወልቁ ስለተመከሩ አይደለም፤ ዴንማርክ በ1990፣ ከዚያም ኅብረቱ በ1994 በዕቃው ላይ ገደብ ስለጣሉ ነው። በተቃራኒው፣ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው ማቆያ ኬሚካል በ2005 ለብቻው በመዋቢያ ቅባቶች ውስጥ እንዲገባ ሲፈቀድ አለርጂው በአውሮፓ ተስፋፋ፤ ሳይታጠቡ ቆዳ ላይ ከሚቆዩ ቅባቶች እስኪታገድም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ምንጩ ሲዘጋ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ሲከፈት ይበዛል።

ወደ እኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሚንቶ አሁንም በብዛት በእጅ የሚቦካ ነው። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ብዙ ሕንፃ የሚወጣው በቀን ሠራተኛ ትከሻ ሲሆን ከእነርሱም መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው። ዴንማርክ አንድ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ ሙገር፣ መሰቦ፣ ደርባ፣ ዳንጎቴ፣ ለሚና ሌሎችም አሉን። ስለዚህ አንድ በር ማንኳኳት አይበቃም፤ ለሁሉም እኩል የሚሠራ የደረጃ መስፈርት ይጠይቃል።

የሕጉ መሠረት አለ። አገሪቱ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1991 አጽድቃለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ሥራ የሚያመጣውን በሽታም በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። የዓለም ሥራ ድርጅት የሥራ በሽታዎች ዝርዝርም የአለርጂ የቆዳ ሕመምን በግልጽ ያስቀምጣል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። በየሳምንቱ ሳይት የሚቀይር፣ ውል ያልፈረመ ሠራተኛ አለርጂው የጀመረው የትኛው አሠሪ ዘንድ ነው ይላል? ዓመታት ወስዶ የሚበስል በሽታ የአንድ ፎርማን ጥፋት ሆኖ አይገኝም። ካሣ መጠየቅ የሚከብድበት በሽታ ደግሞ አስቀድሞ መከላከል የሚበጅበት ነው።

ሐኪሙም የራሱ ፈተና አለበት። የፓች ቴስት ንባብ ከቀይ ቀለም ጋር የተያያዘ ነው፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም ለረጅም ጊዜ ምሳሌ ያደረጉት ነጭ ቆዳን ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ መስሎ ስለሚታይ በዓይን ብቻ የሚያነብ ሊያልፈው ይችላል። በጣት ዳብሶ እብጠቱንና ሸካራነቱን መለየት ያስፈልጋል። እንደ አለርት ባሉ የቆዳ ሕክምናን ለረጅም ዘመን በሠሩ ሆስፒታሎች የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ እጁ የቆሰለን ታማሚ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ከብዙ ቅባት ይበልጣል።

ጉዳዩ የንግድም ነው። በሞጆና በአዲስ አበባ የሚለፋው ቆዳ ወደ አውሮፓ ሲላክ የ3 ሚሊግራሙን ገደብ ማለፍ አለበት። ለውጭ ገዢ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ ያንኑ ጫማ አገር ውስጥ ለሚጫማውና ቆዳውን በባዶ እጅ ለሚያለፋውም ሊደረግ ይገባል።

ለሠራተኛው እስከዚያው ድረስ የሚባል ነገር አለ። ውስጡ ጨርቅ የሆነ፣ ውኃ የማያስገባ የጎማ ወይም የናይትራይል ጓንት ከቆዳ ጓንት ይሻላል፤ ማልታ ከገባበት ግን ወዲያው ይውለቅ። እርጥብ አርማታ ላይ አይንበርከኩ። ሲሚንቶ የነካው ልብስና ካልሲ ሥራ እስኪያልቅ አይጠበቅ፤ ይቀየር፣ ቆዳውም በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ከሥራ ርቀው ሲቆዩ የሚሻልዎት፣ ሲመለሱ የሚነሣብዎት ችፌ ካለ ግን ተራ ቁስል አይደለምና የቆዳ ሐኪም ያማክሩ።

ዋናው ኃላፊነት ግን የሠራተኛው አይደለም። ጓንትና ምክር ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ በሽታውን የቀነሱት ግን አንድ የብረት ጨውና አንድ አስገዳጅ ሕግ ናቸው። ስለዚህ የደረጃ መሥሪያ ቤቶች ለክሮሚየም ስድስት ገደብ ያስቀምጡ፤ ፋብሪካዎች በከረጢቱ ላይ የታሸገበትን ቀን ይጻፉ፤ ትላልቅ ሥራ ተቋራጮችና ሲሚንቶ በብዛት የሚገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ይህን ይጠይቁ። መፍትሔው ከአርባ ዓመት በፊት ተገኝቶ፣ ተሞክሮ፣ ተረጋግጧል። የቀረው መወሰን ብቻ ነው።