ፎቶግራፍ የምናነሣበትን ሰዓት በፀሐይ አቅጣጫ ስለ መምረጥ

አንድ የልማት ሥራ ሲጠናቀቅ ከዘገባው ጋር ፎቶግራፍ አብሮ ይላካል። ፎቶግራፉ ሥራውን በዐይኑ ላላየ ሁሉ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምስክርነት ብዙ ጊዜ የሚደበዝዘው በካሜራው ድክመት ሳይሆን ሰዓቱን ባለመምረጥ ነው። እኛም ከዚህ ስሕተት አላመለጥንም። በአንድ የገጠር ቀበሌ የጎለበተ ምንጭ በተመረቀ ዕለት፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ እናቶች ጀርባቸውን ለፀሐይ መውጫ ሰጥተው እንዲቆሙ አደረግን። ፎቶግራፉ ሲታይ የማንም ፊት አይለይም ነበር። ሌላ እንድንልክ በመጠየቃችን በአጨዳ ወቅት ሰዎቹን ዳግመኛ ከሥራቸው ጠራናቸው። ይህ ድካም ሊቀር የሚችል ነበር፤ የደመናው ነገር ባይታወቅም ፀሐይ በየትኛው ሰዓት የት እንደምትሆን አስቀድሞ ይታወቃልና።

ዕውቀቱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶች ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓትን ሲለዩ ኖረዋል። መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች ይጠቅሳል። በእርግጥም መውጫዋ ከወር ወር ይለዋወጣል። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ አጋማሽ ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ትወጣለች።

ዛሬ ይህን ስሌት የሚሠሩ መሣሪያዎች በእጅ ስልካችን ይገኛሉ። ሰንካልክ በተባለው ድረ ገጽ ቦታውን በካርታ ላይ መርጠን ቀንና ሰዓት ስናስገባ የፀሐይን መውጫ፣ መግቢያና በዚያ ሰዓት ያለችበትን አቅጣጫ በመስመር ያሳየናል፤ የጥላውንም ርዝመት ይነግረናል። ሰን ሰርቬየርና ፎቶፒልስ ደግሞ የፀሐይን መንገድ በስልኩ ካሜራ በሚታየው ገጽታ ላይ ይስላሉ። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ እንበል። መሣሪያዎቹ የሚጠቀሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ሆነ ቀኑን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱም እንዲሁ ነው፣ የእነርሱ 9 ሰዓት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በተጨማሪም ተራራ የሚጋርደውን ቦታ በካርታ ብቻ ማወቅ ስለማይቻል በአካል ማየት ይገባል።

በሥራችን የሚጠቅሙ ሦስት ነጥቦችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያን መቅደስ በምሥራቅ፣ ዋናው በር በምዕራብ ነው። ስለዚህ የፊቱ ገጽታ ጠዋት በጥላ ውስጥ ይሆናል፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃን ያገኛል።

ሁለተኛ፣ የሰው ፊት በግልጽ የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ስትል ነው። እኩለ ቀን ላይ የካህናት ጥምጥምና የእናቶች ነጠላ በዐይን ላይ ጥላ ይጥላሉ። የራሳችን ጥላ ከቁመታችን ከረዘመ ፀሐይ ከ45 ዲግሪ በታች ናትና ሰዓቱ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ የሚነሡ ፎቶግራፎች ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሰዓት፣ ቢቻል በተቀራራቢ ወር ይነሡ። በአዲስ አበባ አካባቢ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። ስለዚህ ወደ ሰሜን የሚመለከት ግድግዳ በታኅሣሥ ቀትር ጨለማ፣ በሰኔ ቀትር ብሩህ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳናስተውል ሁለቱን ፎቶግራፎች ብናነጻጽር ፀሐይ ያመጣችውን ለውጥ የእኛ ሥራ አስመስለን እናቀርባለን። ይህ ደግሞ ሳናስበው የሐሰት ምስክርነት ይሆንብናል።

ኢንተርኔት በሌለበት አጥቢያ አንድ በትር ይበቃል። በዋዜማው፣ በታሰበው ሰዓት፣ በትሩን በስፍራው አቁመን ጥላው የሚወድቅበትን አቅጣጫና ርዝመቱን እንይ፤ በማግሥቱ የሚኖረው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያም የቅዳሴውን፣ የገበያውንና የእርሻውን ሰዓት አመዛዝነን ቀጠሮ እንስጥ። ሰበካ ጉባኤያት ይህን በዕቅዳቸው ቢያስገቡ፣ ምእመናን ለአንድ ፎቶግራፍ ሁለት ጊዜ አይጠሩም፤ የደከሙበትም ሥራ ከነፊታቸው ይታያል።